አሜሪካ ከገለልተኝነት ወደ ጦርነት እንዴት ገባች? (1935–1941) ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በሃዋይ ያለው የባሕር ኃይል ሠፈሯ ፐርል ሃርበር በጃፓን በተደበደበ ማግስት ነው ሲባል ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ አባባል ከስድስት ዓመት በላይ የወሰደውን መንገድ ይሸፍነዋል። በ1935 ለሚዋጋ አገር አንዲት ጥይት አልሸጥም ያለች አገር፣ በ1941 መገባደጃ መርከቦቿ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከጀርመን ባሕር ሰርጓጆች ጋር ይታኮሱ ነበር። ጦርነት ግን ገና አልታወጀም። ይህ እንዴት ሆነ ለሚሉ አንባቢዎች የሚከተሉትን መልሶች አዘጋጅተናል። በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሜሪካውያን መጀመሪያውኑ ከዓለም ጣጣ መራቅ የፈለጉት ለምንድን ነው?

ያለፈው ጦርነት ቁስል ስላልደረቀላቸው ነው። በኤፕሪል 1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲገቡ፣ ከዚህ በኋላ ጦርነት አይኖርም ተብለው ነበር። ወደ 116,000 ገደማ ወታደሮቻቸው ሞቱ። ሰላሙ ግን በቂም የተሞላ ሆነ። የራሳቸው ሴኔት ከጦርነቱ በኋላ የተፈረመውን የቬርሳይን የሰላም ውል ሳያጸድቅ ቀረ፤ በዚህም አገሪቱ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሳትሆን ቀረች። ለአውሮፓ ያበደሩትንም ገንዘብ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከፊንላንድ በቀር የሚከፍላቸው ጠፋ።

በ1934 ደግሞ የሰሜን ዳኮታው ሴናተር ጄራልድ ናይ የሚመሩት የሴኔት ኮሚቴ፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችና ባንኮች ከጦርነቱ ምን እንዳተረፉ በአደባባይ መመርመር ጀመረ። ኮሚቴው ነጋዴዎቹ አገሪቱን ጎትተው ጦርነት ውስጥ እንደከተቷት አላረጋገጠም። ብዙ ሰው ግን ያንኑ አመነ። በዚህ ላይ የኢኮኖሚ ድቀቱ ነበረ፤ በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነበር። ቤቱ ምግብ ለጠፋበት ሰው ጃፓን ስለያዘቻት ማንቹሪያ ወይም ሂትለር ጦር ስላስገባባት ራይንላንድ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

እነዚህን ሰዎች ፈሪ ወይም ግዴለሽ ብሎ ማለፍ ይቀናል። ተገቢ ግን አይደለም። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ሕዝብ ሁለተኛ አልልክም ቢል ምክንያት አለው። ችግሩ ከፍላጎታቸው አልነበረም፤ ፍላጎታቸውን ለማስፈጸም ካወጡት ሕግ ነበር።

የገለልተኝነት ሕጎቹ ምን ይላሉ?

ሦስቱ ሕጎች በተከታታይ ዓመታት ወጡ። ኦገስት 31 ቀን 1935 የተፈረመው፣ ፕሬዚዳንቱ ጦርነት መኖሩን ካስታወቁ በኋላ ለማንኛውም ተፋላሚ ወገን የጦር መሣሪያ መላክን ከለከለ። የ1936ቱ ብድርን ጨመረ። የ1937ቱ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነትን አካተተ፤ አሜሪካውያን በተፋላሚ አገሮች መርከብ እንዳይሳፈሩም አገደ። በ1915 ሉሲታኒያ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ስትሰምጥ ከ100 በላይ አሜሪካውያን ሞተው ስለነበር፣ ያ እንዳይደገም ነው።

ሕጎቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ላነበባቸው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ በ1917 አገሪቱን ወደ ጦርነት ያስገቡ የሚባሉትን በሮች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። የተጻፉት ላለፈው ጦርነት ነው። ከሁሉ የከፋው ጉድለታቸው ደግሞ ወራሪንና ተወራሪን አለመለየታቸው ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ማዕቀቡን በወራሪው ላይ ብቻ መጣል እንዲችሉ ሥልጣን ጠይቀው ነበር፤ ኮንግረስ አልሰጣቸውም።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር ምን ያገናኛታል?

ሕጉ በመጀመሪያ የተሞከረው በእሷ ላይ ነው።

ሕጉ ከተፈረመ አንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 (መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) የሙሶሊኒ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። ሩዝቬልት ከሁለት ቀን በኋላ ጦርነት መኖሩን አስታወቁና ማዕቀቡ በሁለቱም ላይ ወደቀ። በወረቀት ላይ እኩልነት ነው። ነገር ግን ጣሊያን ጠመንጃዋን፣ ታንኳንና አውሮፕላኗን ራሷ ትሠራለች። ኢትዮጵያ ጥይቷን ሳይቀር ከውጭ ገዝታ ማስገባት ነበረባት። ስለዚህ «ለሁለታችሁም አልሸጥም» የሚለው ቃል የሚጎዳው አንዱን ብቻ ነበር፤ እሱም በሰናፍጭ ጋዝ ይደበደብ የነበረው ወገን ነው።

ጣሊያንን ሊያቆም ይችል የነበረው ነዳጅ ነበር። ሕጉ ስለ ነዳጅ አያወራም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል የነዳጅ ነጋዴዎች ከወትሮው በላይ እንዳይሸጡ ለኅሊናቸው ጥሪ አቀረቡ፤ ይህም «የሞራል ማዕቀብ» ተባለ። ነጋዴዎቹ አልሰሙም፤ ወደ ጣሊያንና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ ጨመረ። በጄኔቭም የመንግሥታት ማኅበር በነዳጅ ላይ ማዕቀብ ለመጣል ሲያመነታ፣ አሜሪካ መሸጧን ከቀጠለች ምን ዋጋ አለው የሚለው አንዱ ማመኻኛ ሆነ። እንግሊዝና ፈረንሳይ የራሳቸው ኃጢአት አለባቸው፤ ሆኖም ይህ የአሜሪካንን ድርሻ አያስቀረውም። አሜሪካ የጣሊያንን ወረራ በሕግ አልተቀበለችም። ያ ክብር ነው፤ ግን ማይጨው ላይ ለወደቀው ሰው አልደረሰለትም።

ሩዝቬልት ራሳቸው በጃንዋሪ 1939 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር፣ የገለልተኝነት ሕጎቹ ያለ አድልዎ ላይሠሩ እንደሚችሉ፣ እንዲያውም ወራሪውን ረድተው የተጠቃውን ሊነፍጉ እንደሚችሉ ተናገሩ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ በወረራ ሥር ከወደቀች ሦስተኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። በእኔ አስተያየት የአሜሪካ ገለልተኝነት መሸርሸር የጀመረው ከዚህ ነው፤ ገለልተኝነት ራሱ ወገን መያዝ ሊሆን እንደሚችል በተግባር የታየበት የመጀመሪያው ጉዳይ የኢትዮጵያ ነውና።

ለቻይናስ ሕጉ ለምን አልሠራም?

በጁላይ 1937 ጃፓንና ቻይና ሲዋጉ ሩዝቬልት ሕጉን ሥራ ላይ አላዋሉትም። ሁለቱም ወገኖች ጦርነት ስላላወጁ ለዝምታቸው ሰበብ አገኙ፤ ማዕቀቡ ከኢንዱስትሪ ባለቤቷ ጃፓን ይልቅ ቻይናን እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን በቺካጎ ወራሪዎች እንደ ተላላፊ በሽታ ተገልለው ሊያዙ ይገባል ብለው ተናገሩ፤ ተቃውሞው ሲበረታባቸው ግን ለንግግሩ የሚመጥን እርምጃ አልወሰዱም። በዲሴምበር የጃፓን አውሮፕላኖች ፓኔይ የተባለችውን የአሜሪካ ጀልባ ያንግሲ ወንዝ ላይ አሰጠሙ። ጃፓን ይቅርታ ጠይቃ ካሣ ከፈለች፤ ነገሩም አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሕዝቡን ስሜት ከማንኛውም ነገር በላይ ያሳያል። አገሪቱ ካልተጠቃች በቀር ጦርነት በሕዝበ ውሳኔ ብቻ ይታወጅ የሚል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጃንዋሪ 1938 ለተወካዮች ምክር ቤት ውይይት እንዳይቀርብ የተደረገው በ209 ለ188 ድምፅ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው እውነተኛ መዞር የት ላይ ነው?

ጀርመን ፖላንድን በወረረች ጊዜ ሩዝቬልት በሬዲዮ አገሪቱ ገለልተኛ እንደምትሆን ተናገሩ፤ ሆኖም እያንዳንዱ አሜሪካዊ በሐሳቡም ገለልተኛ እንዲሆን መጠየቅ እንደማይችሉ አከሉበት። ኖቬምበር 4 ቀን 1939 በጸደቀው አዲስ ሕግ የመሣሪያ ማዕቀቡ ተነሣ። ገዢው ግን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ፣ በራሱ መርከብ ጭኖ መሄድ ነበረበት። ይህም በወረቀት ላይ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ባሕሩን የያዘችው ግን እንግሊዝ ስለነበረች ጀርመን መጥታ ልትጭን አትችልም። በኢትዮጵያ ላይ የታየው ያ ባዶ እኩልነት አሁን ታስቦበት በሌላ አቅጣጫ ተሠራበት።

ልብ ያለው ሰው የሚያስተውለው፣ ሕጉ የተሸጠው ከጦርነት ለመራቅ ነው በሚል ነው። የአሜሪካ መርከብ ወደ ጦርነቱ ቀጠና አይሄድም፣ የአሜሪካ ባንክ አያበድርም፣ እንግዲህ ምን ስጋት አለ? ከዚህ በኋላ የሚመጣው እርምጃ ሁሉ የሚቀርበው በዚሁ አነጋገር ነው።

ሁሉን የለወጠው የፈረንሳይ መውደቅ ነበር። በጁን 1940 ያ ታላቅ ጦር በስድስት ሳምንት ሲፈርስ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይጠብቀናል ይሉ የነበሩ ሰዎች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጀርመን እጅ ቢወድቅ ምን ይሆናል ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አገሪቱ በ1939 የነበራት የምድር ጦር ከ200,000 በታች ነበር። ሩዝቬልት በዓመት 50,000 አውሮፕላን እንዲመረት ጠየቁ፤ ሁለት ሪፐብሊካን ባለሥልጣናትን፣ ሄንሪ ስቲምሰንን በጦር ሚኒስትርነት፣ ፍራንክ ኖክስን በባሕር ኃይል ሚኒስትርነት ሾሙ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 50 አሮጌ የጦር መርከቦች ለእንግሊዝ ሰጥተው በምላሹ ከኒውፋውንድላንድ እስከ ካሪቢያን ባሉ የእንግሊዝ ግዛቶች ለ99 ዓመት የጦር ሠፈር አገኙ። ይህን ያደረጉት የኮንግረስን ድምፅ ሳይጠይቁ ነው። በዚያው ወር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው የሰላም ጊዜ የግዳጅ ውትድርና ሕግ ወጣ።

የብድርና የኪራይ ሕግ ምንድን ነው? ይህን ያህል ትልቅ ቦታ የሚሰጠውስ ለምንድን ነው?

በዲሴምበር 1940 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ለሩዝቬልት ረጅም ደብዳቤ ጻፉ፤ ለመሣሪያው በጥሬ ገንዘብ መክፈል የማይችሉበት ጊዜ እየቀረበ መሆኑን ነገሯቸው። ሩዝቬልት ከጥቂት ቀናት በኋላ ለጋዜጠኞች ቀላል ምሳሌ ሰጡ፦ የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል የውኃ ጎማህን ታበድረዋለህ፤ መጀመሪያ ዋጋውን ክፈለኝ አትለውም፤ እሳቱ ሲጠፋ ጎማህን ይመልስልሃል። ምሳሌው ለሕዝቡ ገባ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የተተኮሰ ጥይትና የሰመጠ መርከብ አይመለስም። ሴናተር ሮበርት ታፍት የጦር መሣሪያ ማበደር ማስቲካ እንደማበደር ነው፣ መልሰህ አትፈልገውም ሲሉ ትክክል ነበሩ።

ሕጉ ማርች 11 ቀን 1941 ተፈረመ፤ በተወካዮች ምክር ቤት በ260 ለ165፣ በሴኔት በ60 ለ31 አለፈ። ፕሬዚዳንቱ መከላከያው ለአሜሪካ ደኅንነት ወሳኝ ነው ብለው ላመኑበት ማንኛውም አገር መሣሪያና ስንቅ መሸጥ፣ ማዋስ፣ ማከራየት ይችላሉ። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ የተሰጠው ወደ 50 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ትልቁን ድርሻ እንግሊዝ ወሰደች፤ ሶቪየት ኅብረት ተከተለች። ኢትዮጵያም በ1943 የዚህ እርዳታ ስምምነት ፈርማለች።

ገለልተኝነቱ የሞተበትን ቀን ምረጥ ብባል ይህን ቀን እመርጣለሁ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ ግምጃ ቤትና ፋብሪካ ከአንዱ ወገን ጋር ተሰልፏል። ዕቃው ደግሞ የሚሄደው በባሕር ነው፤ በባሕሩ ውስጥ ባሕር ሰርጓጆች አሉ። አምርቶ ጭኖ ከላከ በኋላ ሲሰምጥ ቆሞ የሚያይ መንግሥት አይኖርም። ተቃዋሚዎቹ ይህን አስቀድመው ተናግረዋል፤ ሴናተር በርተን ዊለር ሕጉ ከአራት አሜሪካዊ ወጣት አንዱን እንደሚቀብር ሲናገሩ ሩዝቬልት እጅግ ተቆጡ። ቁጣው ግን ለጥያቄው መልስ አልነበረም።

ሕዝቡ ምን ይል ነበር?

ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ። በ1941 የነበሩት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አብዛኛው ሰው ጦርነት እንዲታወጅ እንደማይፈልግ ያሳያሉ፤ ያው አብዛኛው ሰው ግን ጦርነት ሊያስከትል ቢችልም እንኳ እንግሊዝ እንድትረዳ ይፈልግ ነበር። ሩዝቬልት የተራመዱት በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው። በኦክቶበር 1940፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ ለእናቶችና ለአባቶች ልጆቻችሁ ወደ ባዕድ ጦርነት አይላኩም ብለው ቦስተን ላይ ቃል ገቡ።

በሴፕቴምበር 1940 የተመሠረተው «አሜሪካ ትቅደም» ኮሚቴ ወደ 800,000 አባላት ነበሩት። ከእነሱ መካከል ቅን ሰላም ወዳዶች፣ ተማሪዎች፣ ገበሬዎች ነበሩ። ከሁሉ የታወቀው ተናጋሪያቸው አውሮፕላን አብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ በሴፕቴምበር 1941 ዲሞይን ከተማ ላይ አገሪቱን ወደ ጦርነት የሚገፉት እንግሊዞች፣ አይሁዶችና የሩዝቬልት አስተዳደር ናቸው አሉ። አይሁዶች በአውሮፓ እየታረዱ ባለበት ሰዓት የተነገረ ነውር ነበር፤ ንቅናቄውንም ክፉኛ ጎዳው።

ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ የኦገስት 12 ቀን 1941ን ድምፅ ይመልከት። የግዳጅ ውትድርናው ዘመን እንዲራዘም የቀረበው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው በ203 ለ202 ነው። ከፐርል ሃርበር አራት ወር እንኳ አይሞላም።

ጦርነት ሳይታወጅ በአትላንቲክ ጦርነት ነበር ማለት ይቻላል?

ይቻላል። በኤፕሪል 1941 አሜሪካ ግሪንላንድን በጥበቃዋ ሥር አደረገች፤ የባሕር ኃይሏን ቅኝት ወደ ምሥራቅ አሰፋች። በጁላይ ወታደሮቿ አይስላንድ ገቡ። ሴፕቴምበር 4 ቀን ግሪር የተባለች የጦር መርከብ ወደ አይስላንድ ስትጓዝ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን በፊቷ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ እንዳለ ነገራት። ግሪር ሰርጓጁን ለሰዓታት ተከታተለች፤ ያለበትንም ቦታ ታስተላልፍ ነበር። አውሮፕላኑ ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ሰርጓጁ ቶርፒዶ ተኮሰ፤ ግሪርም መለሰች።

ከሳምንት በኋላ ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀርበው የጀርመን ሰርጓጅ ያለ ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ መርከብ ላይ ቀድሞ ተኮሰ አሉ። የመከታተሉን ነገር አልተናገሩም። በዚያው ንግግር የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለደኅንነቱ በሚጠብቀው ባሕር የሚገኙትን የጀርመንና የጣሊያን መርከቦች እንደሚመታ አስታወቁ፤ የንግድ መርከቦችንም ማጀብ ተጀመረ። ሙሉው ታሪክ የተሰማው የባሕር ኃይሉ አዛዥ አድሚራል ስታርክ ለሴኔት ኮሚቴ በጻፉት መልስ ነው።

ናዚዎችን መዋጋት ተገቢ እንደነበር አልጠራጠርም። ይህን ንግግር ግን አላመሰግንም። ትክክለኛ ዓላማ የያዘ መሪ ግማሽ እውነት ሲነግር፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው መሪ በክፉ ዓላማ ያንኑ መንገድ ያገኘዋል።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ኦክቶበር 17 ቀን ኪርኒ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በቶርፒዶ ተመትታ 11 መርከበኞች ሞቱ። ኦክቶበር 31 ቀን ሌላዋ የጦር መርከብ ሩበን ጄምስ ከ100 በላይ ሰዎች ይዛ ሰመጠች። በኖቬምበር ኮንግረስ የንግድ መርከቦች መሣሪያ እንዲታጠቁና ወደ ጦርነቱ ቀጠና እንዲገቡ ፈቀደ፤ ድምፁ በተወካዮች ምክር ቤት 212 ለ194 ነበር። ከገለልተኝነት ሕጎቹ ዋና ዋናዎቹ ክልከላዎች በዚህ ተነሡ። ልብ በሉ፤ መርከበኞች ሞተው እንኳ ሩዝቬልት ጦርነት ይታወጅ ብለው ወደ ኮንግረስ አልሄዱም፤ ቢሄዱ ድምፁን እንደማያገኙ ያውቁ ነበርና።

ታዲያ ጦርነቱ በጃፓን በኩል ለምን መጣ?

በነዳጅ ምክንያት። ጃፓን ከምትጠቀምበት ነዳጅ 80 በመቶ ገደማውን የምታገኘው ከአሜሪካ ነበር። አሜሪካ የንግድ ውሉን አፈረሰች፣ በሴፕቴምበር 1940 የብረት ቁርጥራጭ ሽያጭ አቆመች፣ በጁላይ 1941 ጃፓን ደቡብ ኢንዶቻይናን ስትይዝ ደግሞ ገንዘቧን አገደች። እገዳው በተግባር ነዳጁንም ዘጋው። ለጣሊያን ያልተከለከለው ነዳጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ለጃፓን ተከለከለ።

ቶኪዮ ሁለት ምርጫ ቀረላት፦ ከቻይና መውጣት፣ ወይም የሆላንድ ምሥራቅ ኢንዲስን (የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ) ነዳጅ በኃይል መውሰድ። ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ዳር ፊሊፒንስ አለች፤ በጀርባ በኩል ከ1940 ጀምሮ ፐርል ሃርበር ላይ የሠፈረው የአሜሪካ የፓስፊክ መርከብ ጦር አለ። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 የሆነው ከዚህ ስሌት የመነጨ ነው። 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። በማግስቱ ኮንግረስ ጦርነት ሲያውጅ ሴኔቱ 82 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤት 388 ለ1 ድምፅ ሰጠ። ብቸኛዋ ተቃዋሚ በ1917ም የተቃወሙት የሞንታናዋ ጃኔት ራንኪን ነበሩ።

ሩዝቬልት ፐርል ሃርበር እንደሚመታ ያውቁ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። ጦርነት እንደቀረበ ያውቁ ነበር፤ ጥቃቱን የጠበቁት ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ስለ ግሪር ሙሉውን አለመናገራቸው አንድ ነገር ነው፤ የራስን ጦር አሳልፎ መስጠት ሌላ ነው።

ገለልተኛ አገር ሁሉ በመጨረሻ ወደ ጦርነት ይገባል?

አይደለም። ስዊዘርላንድና ስዊድን ሳይገቡ አሳልፈዋል፤ ሁለቱም ግን ከጀርመን ጋር ሲነግዱ ነው። ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ሆላንድና ቤልጅግ ደግሞ ገለልተኞች ነበሩ፤ በ1940 ተወረሩ። እነሱ ደረጃ በደረጃ አልገቡም፤ አንድ ሌሊት በቂ ሆነ። አሜሪካ ስድስት ዓመት ለመከራከር የቻለችው በሁለት ውቅያኖሶች መካከል ስለነበረች ነው።

ጦርነት ያወጀችው በጃፓን ላይ ብቻ ከሆነ ከጀርመን ጋር እንዴት ተዋጋች?

ሂትለር ራሱ አወጀባት። ዲሴምበር 8 ቀን የኮንግረስ አዋጅ ስለ ጀርመን አንድ ቃል አይልም። ለሦስት ቀን ያህል አሜሪካ በፓስፊክ ብቻ የምትዋጋ ትመስል ነበር፤ ለንደንም ይህ አስጨንቋታል። ሂትለር ከጃፓን ጋር የነበረው ውል፣ ጃፓን ስትጠቃ እንጂ ስታጠቃ እንዲረዳት አያስገድደውም። ሆኖም ዲሴምበር 11 ቀን ጀርመንና ጣሊያን በአሜሪካ ላይ ጦርነት አወጁ። የጀርመን መንግሥት ለዋሺንግተን የሰጠው ማስታወሻ ከምክንያቶቹ መካከል የሴፕቴምበሩን የሩዝቬልት ትእዛዝ ጠቀሰ፤ ግሪርን፣ ኪርኒንና ሩበን ጄምስንም በስም ዘረዘረ። በዚያው ቀን ኮንግረስ በሁለቱም ላይ ጦርነት አወጀ። ከአራት ወር በፊት በአንድ ድምፅ ብልጫ ጦሩን ያቆየው ምክር ቤት አሁን አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልተሰማበትም።